አፈሙዙ ወዴት ያያል?

(ስለ ጦር መሣሪያ አያያዝ በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁት ድምፄ ይሰማችኋል? ጥሩ። የቆማችሁ ካላችሁ ከፊት ወንበር አለ፤ ኑ፣ ቁጭ በሉ።

ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ዓይነት ሰው አለ። በጥበቃ ሥራ ላይ ያላችሁ አላችሁ። ፈቃድ አውጥታችሁ ቤታችሁ መሣሪያ ያስቀመጣችሁ አላችሁ። አዳኞች አላችሁ። መሣሪያ ነክታችሁ የማታውቁ፣ ግን ባላችሁ ወይም ልጃችሁ መሣሪያ የሚይዝ እናቶችም መጥታችኋል። እናንተን በተለይ እንኳን ደህና መጣችሁ ልበል። ጥይት ሲባርቅ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ሻይ ይዛ የገባችውንም ያገኛል፣ በር ላይ የቆመውንም ያገኛል።

ዛሬ መተኮስ አላስተምርም። የትኛው መሣሪያ ይሻላል የሚለውንም አላነሳም። የማነሳው አንድ ጥያቄ ነው። አፈሙዙ ወዴት ያያል? ይህችን ጥያቄ ደጋግሜ እጠይቃችኋለሁ፤ እንዳትሰለቹኝ። መሣሪያ ስታነሱ፣ ስታስቀምጡ፣ ስትወለውሉ፣ ለሰው ስታቀብሉ፣ ይዛችሁ ስትዞሩ፣ አፈሙዙ ወዴት ያያል?

ለምን ይህችን ብቻ መረጥኩ? አንድ ነገር ልንገራችሁ።

የጥበቃ ሠራተኞችን በማሠለጥንበት ቦታ፣ ከመሣሪያ ማስቀመጫው ክፍል በር አጠገብ አንድ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነበር። አሸዋ ሞልተንበታል። ከተረኛነት የሚመለስ ሁሉ መጀመሪያ ወደ ሳጥኑ ይሄዳል፣ አፈሙዙን አሸዋው ላይ ይደግናል፣ ከዚያ መሣሪያውን ባዶ ያደርጋል። ሕጉ ይህ ነበር። አዲስ ገቢዎቹ ሕጉን አይወዱትም ነበር። ጊዜ ይፈጃል ይላሉ፤ ወረፋ ያበዛል ይላሉ።

አንድ ማለዳ አንድ ጎበዝ ልጅ የሌሊት ተራውን ጨርሶ መጣ። እንቅልፍ ዓይኑ ላይ አለ። ክላሹን አሸዋው ላይ ደገነ። መጀመሪያ አቀባበለና አንዲት ጥይት ዘለለች። ቀጥሎ ካዝናውን፣ ጥይቶቹ የሚደረደሩበትን ማለቴ ነው፣ ነቀለ። ቀጥሎ ባዶ መሆኑን ለማረጋገጥ ምላጩን፣ በጣት ሲሳብ የሚያስተኩሰውን፣ ሳበ። መሣሪያው ጮኸ። አሸዋው እስከ ጣሪያው ተረጨ። ሁላችንም ባለንበት ደርቀን ቀረን። ልጁ ፊቱ ነጭ ሆኖ፣ «ካዝናውን አውጥቼዋለሁ! ኧረ አውጥቼዋለሁ!» ይላል። እውነቱን ነው፤ አውጥቶታል። ካዝናው ግራ እጁ ላይ ነበር።

ምን ሆነ? አስተውሉ። ካዝናው ሳይነቀል ሲያቀባብል የመጀመሪያዋ ጥይት ወጣች፤ ግን መቀባበያው ሲመለስ ከካዝናው ሌላ ጥይት ገፍቶ አጎረሰ። ከዚያ በኋላ ካዝናውን ቢነቅለው ምን ዋጋ አለው? ጥይቷ ገብታለች። ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ደክሞት ነበር። ሳያይ ምላጭ ሳበ። ይህ ሁሉ ስህተት ነው። አንድ ነገር ግን አልተሳሳተም። አፈሙዙ አሸዋው ውስጥ ነበር። ከሳጥኑ ማዶ፣ በዚያው አቅጣጫ፣ ሦስት ጓደኞቹ ፊርማቸውን እየፈረሙ ቆመው ነበር። ሦስቱም ያን ቀን በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እንግዲህ የምለው ይህንን ነው። ሰው ይደክማል። ሰው ይረሳል። ሴፍቲ፣ መሣሪያው እንዳይተኩስ የሚቆልፈው፣ ይበላሻል። ጓደኛ «ባዶ ነው» ብሎ ይሳሳታል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን ሊገጣጠሙ ይችላሉ። አፈሙዙ ደህና ቦታ ካየ ግን፣ ሁሉም ተገጣጥመው እንኳ ሰው አይሞትም። ሌሎቹ ጥንቃቄዎች እንዳይባርቅ ይከላከላሉ። ይህኛው ቢባርቅም ያድናል።

ጄፍ ኩፐር የሚባል አሜሪካዊ የማሪን መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 አሪዞና ውስጥ የተኩስ ትምህርት ቤት ከፈተ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ አሠልጣኞች የሚያስተምሯቸውን አራት ሕጎች በዚህ መልክ ያስቀመጠው እሱ ነው። ማንኛውንም መሣሪያ ጥይት እንደጎረሰ ቁጠረው። ልታጠፋው የማትፈልገውን ነገር አፈሙዙ አይለፍበት። ማነጣጠሪያው ዒላማው ላይ እስኪያርፍ ጣትህን ከምላጩ አርቅ። ዒላማህንና ከዒላማህ ጀርባ ያለውን እወቅ። አራት ናቸው። ዛሬ ሁለተኛው ላይ ነው የምቆየው፤ ሌሎቹን በእሱ በኩል አያቸዋለሁ።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ደህና አቅጣጫ የሚባለው የትኛው ነው? ድምፃችሁን አሰሙኝ። «ወደ ላይ።» እሺ። ሌላ? «ወደ መሬት።» እሺ። ሌላስ?

ሁለቱንም መልስ በየሥልጠናው እሰማለሁ። ሁለቱም አንዳንዴ ትክክል ናቸው፣ አንዳንዴ ገዳይ ናቸው። ፎቅ ቤት ውስጥ ሆነህ ወደ ላይ ስትደግን ከላይ ማን አለ? ከጣሪያው በላይ ምናልባት ሕፃን የተኛበት አልጋ አለ። ወደ ታችስ? ከታችም ሰው ይኖራል። ምድር ቤት ብትሆን እንኳ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ጥይት ሲሚንቶ ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ ውኃ ላይ እንኳ በአግድም ካረፈ ይነጥራል። ነጥሮ የት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም።

ስለዚህ ትርጉሙን እንዲህ ያዙልኝ። ደህና አቅጣጫ ማለት አሁን፣ በዚህች ሰከንድ ቢተኩስ ማንም የማይጎዳበት አቅጣጫ ነው። ላይ ሊሆን ይችላል። ታች ሊሆን ይችላል። ለስላሳ አፈር ሊሆን ይችላል። በር ተከፍቶ ሰው ሲገባ ይቀየራል። አንድ እርምጃ ስትራመድ ይቀየራል። መኪና ውስጥ ስትገባ ይቀየራል። ልጅ እየሮጠ ሲያልፍ ይቀየራል። አንዴ መርጠህ የምትረሳው ነገር አይደለም። መሣሪያው እጅህ ላይ እስካለ ድረስ ጥያቄው አብሮህ አለ።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ለሠልጣኞቼ ሁሉ የምሰጣት ናት። ከአፈሙዙ የማይጠፋ የባትሪ መብራት እየወጣ ነው ብላችሁ አስቡ። ያ መብራት ያረፈበት ሰው ሁሉ፣ ቢባርቅ ኖሮ የሚመታው ሰው ነው። አሁን ስትራመዱ መብራቱ በማን ላይ አለፈ? በገዛ እግራችሁ ላይ አልፏል? በግራ እጃችሁ ላይስ?

ብዙ ሰው አቅልሎ የሚያየው የግድግዳን ነገር ነው። ግድግዳ መጋረጃ እንጂ መከላከያ አይደለም። የእንጨት በር፣ ቀጭን ግድግዳ፣ የቆርቆሮ አጥር ተራ የሽጉጥ ጥይት እንኳ አያቆምም። የክላሽ ጥይትማ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። መቶ ሜትር ላይ ያለ ሰው ጩኸቱን ከመስማቱ በፊት ጥይቱ ይደርሰዋል። ጎንበስ ልበል የሚልበት ጊዜ የለውም። የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት፣ ያቺ ትንሽ የምትመስለው፣ አንዳች ካላቆማት ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። «ማዶ ማንም የለም» ስትል የምታየው የቱን ያህል ነው? ሁለት ኪሎ ሜትር ታያለህ?

ወደ ሰማይ መተኮስንም እዚህ ላይ ላንሳ፣ ሆዴን ስለሚያቃጥለኝ። ደስታ ሲሆን ወደ ላይ ይተኮሳል። ሐዘን ሲሆን ወደ ላይ ይተኮሳል። የወጣው ጥይት የት ይሄዳል? ይመለሳል። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ጁሊያን ሃቸር የሚባል አሜሪካዊ መኮንን ፍሎሪዳ ውስጥ ጥይት ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ እያስተኮሰ አጥንቶ ነበር። የሚመለሰው ጥይት በሰከንድ 90 ሜትር ገደማ እንደሚወርድ ገመተ። ያ ቀጥ ብሎ ለተተኮሰው ነው። በጭፈራ መሃል ግን ቀጥ አድርጎ የሚተኩስ ማን አለ? ትንሽ ያዘነበለ ጥይት ፍጥነቱን ይዞ ሩቅ ሄዶ ነው የሚወድቀው። እ.ኤ.አ. የ2003 ዓመት አልቆ 2004 በገባበት ሌሊት፣ ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ለአዲስ ዓመት ደስታ በተተኮሰ ጥይት 19 ሰዎች ተመቱ። አንድ ሰው ሞተ። ከነዚህ ማንም ከተኳሹ ጋር ጠብ አልነበረውም። ወደ ላይ የተኮሰውም ማንን እንደመታ አያውቅም። ወንድሞቼ፣ ይህንን ተዉልኝ። ደስታችሁን በእጃችሁ አጨብጭቡ፣ እልል በሉ፣ ጨፍሩ። ሰማዩ ባዶ ነው፤ ከሰማዩ ሥር ያለው መሬት ግን ሰው አለበት።

እሺ፣ ወደ ሁለተኛው ነገር ልሻገር። አፈሙዝ እንዴት ነው ከቁጥጥራችን የሚወጣው? ሆን ብሎ ጓደኛው ላይ የሚደግን ትንሽ ነው። እሱን ሁሉም ይቆጣዋል። የሚያስቸግረው ሳያስበው የሚዞረው ነው።

እስኪ ሁላችሁም ቀኝ እጃችሁን ዘርጉ። በሌባ ጣታችሁ ወደ እኔ ጠቁሙ። ጎሽ። አሁን እንደያዛችሁ ከኋላችሁ ላለው ሰው ሰላም በሉት። አሁን እዚያው ቁሙ! አትንቀሳቀሱ! ጣታችሁ የት ነው ያለው? አያችሁ? እዚህ ፊት ያሉት እህት ጣታቸው ሦስት ሰው አልፎ አራተኛው ደረት ላይ አርፏል። እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፤ አዳራሹ ሙሉ እንዲሁ ነው። ሰው አንገቱ ሲዞር ትከሻው ይከተላል፤ ትከሻው ሲዞር እጁ ይከተላል። ተፈጥሯችን ነው።

በተኩስ መስመር ላይ ያየሁት አለ። አንዲት ጎበዝ ሠልጣኝ ነበረች። እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ ጥይቶቿ ሁሉ አንድ ቦታ የሚያርፉ። ተኩሳ ሳትጨርስ ከኋላ አንዱ ስሟን ጠራ። «አቤት!» ብላ በመላ አካሏ ዞረች። ሽጉጡም አብሯት ዞረ። ከጎኗ ስድስት ሰው ተሰልፏል። ጎኗ ቆሜ ስለነበር ክንዷን ይዤ ወደ ዒላማው መለስኩት። ምንም አልተተኮሰም። ልጅቷ ግን የሆነው ሲገባት እንባዋ መጣ። ጥፋቱ የእሷ ብቻ ነበር? አይደለም። መሣሪያ የያዘ ሰው ከኋላ አይጠራም። ይህንንም ያዙልኝ። እናንተ ደግሞ መሣሪያ ይዛችሁ ከተጠራችሁ፣ መጀመሪያ አፈሙዙ ባለበት ይቆይ። ጣት ከምላጩ ይውጣ። መሣሪያው ይቀመጥ። ከዚያ «አቤት» በሉ። ጠሪው ይጠብቃል። ማንም ቢሆን ይጠብቃል።

ሽጉጥ ደግሞ ከጠመንጃ ይብሳል። አጭር ስለሆነ በእጅ አንጓ ብቻ ይዞራል። አፈሙዙ በአንዲት ዲግሪ ብታዘነብል መቶ ሜትር ላይ ጥይቱ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል የሚርቀው። በአንዲት ዲግሪ! ዘጠና ዲግሪ ስትዞርስ?

ሲያነጣጥሩ የሚዞሩም አሉ። አዳኞች፣ ይህ ለእናንተ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2006 የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ዲክ ቼኒ ቴክሳስ ውስጥ ድርጭት እያደኑ ነበር። አንዷ ወፍ ተነስታ በረረች። ቼኒ በጠመንጃቸው እየተከተሏት ዞሩ፤ ተኮሱም። የ78 ዓመቱ አዛውንት ጓደኛቸው ሃሪ ዊቲንግተን በዚያ በኩል እየመጡ ነበር። ከጥይቱ የተረጩት የእርሳስ ፍሬዎች ፊታቸውን፣ አንገታቸውንና ደረታቸውን መቷቸው። በኋላም ቀላል የልብ ድካም አጋጠማቸው። ደግነቱ ተረፉ። ቼኒ ጀማሪ አልነበሩም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያደኑ ሰው ነበሩ። ዓይናቸው ግን ወፏ ላይ ተተክሎ ነበር። ወፏን እንጂ ከወፏ ጀርባ ያለውን አላዩም። ስለዚህ ጓደኞቻችሁ የት እንዳሉ ሳታውቁ የሚሮጥ ወይም የሚበር ነገር ተከትላችሁ አትዙሩ። ወፏ ትሂድ። ነገም ወፍ አለ።

ስለ ጣት ጥቂት ልበል። ጣት ከምላጩ ውጪ፣ በመሣሪያው ጎን ላይ ተዘርግቶ ይቀመጥ። ምላጩ አጠገብ ተቆልምሞ ሳይሆን ቀጥ ብሎ። ለምን? «እኔ ካልፈለግኩ አልስብም» የሚል ሰው አለ። ሮጀር ኢኖካ የተባለ የጡንቻ እንቅስቃሴ ተመራማሪ እጃችን ያለ ፈቃዳችን የሚጨበጥባቸውን ሦስት ሁኔታዎች አስቀምጧል። አንድ፣ ስንደነግጥ። ሁለት፣ ስንደናቀፍና ሚዛን ስንስት። ሦስት፣ በሌላው እጃችን አንድ ነገር አጥብቀን ስንይዝ። ሦስተኛዋን ልብ በሉ፣ የጥበቃ ሠራተኞች። በግራ እጅህ ሌባ ስትይዝ፣ በር ስትጎትት፣ ቀኝ እጅህም ሳታውቀው ይጨብጣል። ጣትህ ምላጩ ላይ ከነበረ አለቀ።

ከዚሁ ጋር፣ መሣሪያ ከእጃችሁ ካመለጠ አትቅለቡት። ይውደቅ። ስትቀልቡት ጣታችሁ የሚገባው ምላጩ ላይ ነው፣ አፈሙዙም የሚዞረው ወደ እናንተ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ መጣሁ። «ባዶ ነው» የሚለው ነገር። በሥራዬ ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ የምፈራው ይህንን ነው።

እ.ኤ.አ. ጥር 23 ቀን 1978 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቴሪ ካት የሚባል ዝነኛ ጊታር ተጫዋች ጓደኛው ቤት ሽጉጡን ይዞ ይጫወት ነበር። ጓደኛው ፈርቶ ተው አለው። ካት ባዶውን ካዝና አውጥቶ አሳየው። አታስብ፣ ጥይት የለውም አለው። ካዝናው እውነትም ባዶ ነበር። አንዲት ጥይት ግን ውስጥ ጎርሳ ነበር። ሽጉጡን ወደ ራሱ አዙሮ ነበር የያዘው። ሞተ። የአሸዋው ሳጥን ልጅና ካት የተሳሳቱት አንድ ዓይነት ስህተት ነው። ካዝና ባዶ ስለሆነ መሣሪያ ባዶ አይሆንም። ልዩነታቸው አፈሙዙ ወዴት ያይ እንደነበር ነው። ሌላ ልዩነት የለም።

ከሌላ ሰው አፍ የሚመጣ «ባዶ ነው» ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 2021 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አንድ ፊልም ሲቀረጽ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ለተዋናዩ አሌክ ባልድዊን ሽጉጥ ሲሰጠው እውነተኛ ጥይት የለውም ተብሎ ተነገረ። ልምምድ ላይ እያለ ሽጉጡ ወደ ካሜራው አቅጣጫ ነበር የሚያየው። ከካሜራው አጠገብ ሰዎች ነበሩ። ተዋናዩ ምላጩን አልሳብኩም ነው የሚለው። አንዲት እውነተኛ ጥይት ወጣች። የፊልም ቀራጯን ሃሊና ሃቺንስን ገደለች፤ በእሷ አልፋ ከኋላዋ የነበረውን ዳይሬክተር ትከሻውን መታችው። አንዲት ጥይት፣ ሁለት ሰው። ስንት ሰው እጅ አልፎ ነው ያ ሽጉጥ የመጣው? እያንዳንዱ ከእሱ በፊት ያለውን አመነ።

አንድ ዘመዳችን ነበሩ፣ አሁን ነፍሳቸውን ይማር። በወጣትነቴ ጠመንጃ ላቀብላቸው ስል እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዝም ብለው ቆሙ። አልገባኝም። «ከፍተህ ስጠኝ፣ ልጄ» አሉኝ። እሳቸው ራሳቸው ባዶ አድርገው የሰጡኝ ጠመንጃ ነበር፤ ከእጄም አልወጣም። ቢሆንም ከፈትኩት። ተቀበሉና ጣታቸውን አስገብተው ዳሰሱ። ያኔ ጠረጠሩኝ ብዬ ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን እንደዚያ ያለ አክብሮት የለም እላለሁ። ስለዚህ መሣሪያ ስትቀበሉ ከፍታችሁ እዩ። ወንድማችሁ ቢሰጣችሁም እዩ። ዓይናችሁ እያየ ባዶ ቢያደርገውም እዩ። ሰጪውም አይከፋ።

እንዴት ነው ባዶ የሚደረገው? በቃል ያዙ። አፈሙዙን ወደ ደህና አቅጣጫ። ጣት ከምላጩ ውጪ። ካዝናውን ንቀል፤ መጀመሪያ ካዝናውን! ከዚያ መቀባበያውን ሳብ፣ ያለችው ጥይት ትውጣ። ክፍት አድርገህ ወደ ውስጥ እይ። ጨለማ ከሆነ በጣትህ ዳስስ። አንዴ ሌላ ቦታ ተመልከትና ደግመህ እይ። ክላሽ ያላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር እወቁ። ሴፍቲው ላይ ሆኖ መቀባበያው እስከ መጨረሻው አይሳብም። ስለዚህ ባዶ መሆኑን ለማየት ሴፍቲውን ማውረድ ግድ ነው። ደህንነቱን ለማረጋገጥ ደህንነቱን ታነሳለህ ማለት ነው። ስታወርደው ደግሞ የመጀመሪያው ማረፊያ ነጠላ ተኩስ አይደለም፤ አውቶማቲክ ነው። እዚያች ላይ ከባረቀ አንዲት ጥይት አይደለችም የምትወጣው። እንደ ግሎክ ያሉ ሽጉጦችን ለመፍታት ደግሞ ምላጩን መሳብ ያስፈልጋል። ልትወለውል ተቀምጠህ ምላጭ ትስባለህ። በዚያች ቅጽበት ምን ይጠብቅሃል? ሴፍቲ አይደለም። አፈሙዙ ያለበት ቦታ ነው።

ተኩሰህ እምቢ ቢልስ? ወደ ፊትህ አዙረህ ምን ነካው ብለህ አትመልከት። አፈሙዙ ዒላማው ላይ እንዳለ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቅ። አንዳንድ ጥይት ዘግይቶ ይነሳል።

እናቶችና አባቶች፣ ስለ ልጆች አንድ ነገር ልናገር፤ ከባድ ነው፣ ግን መስማት አለባችሁ። ትንሽ ልጅ ሽጉጥ ሲያገኝ እንደ ትልቅ ሰው አይዘውም። በአንድ ጣቱ ምላጩን ለመሳብ አቅም የለውም። ስለዚህ ያዞረዋል። እጀታውን ወደ ውጭ፣ አፈሙዙን ወደ ራሱ አድርጎ፣ በሁለት አውራ ጣቶቹ ይገፋዋል። የሁለት አውራ ጣት ጉልበት ይበቃዋል። ስለ አፈሙዝ አቅጣጫ ለሕፃን ማስተማር አይቻልም። ለእሱ ያለው መፍትሔ ቁልፍ ነው። መሣሪያው ተቆልፎ፣ ጥይቱ ለብቻው ተቆልፎ፣ ቁልፉ ከእናንተ ጋር። ቁም ሣጥን ላይ ማስቀመጥ መደበቅ አይደለም። ትራስ ሥርም መደበቅ አይደለም። ልጆች ቤታቸውን ከእኛ በላይ ያውቁታል።

ቤታችሁ መሣሪያ ካለ ደግሞ አንድ ደህና ቦታ ዛሬውኑ አዘጋጁ። አሸዋ የሞላ ጠንካራ ሳጥን ይበቃል። ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው የታጨቀ አሸዋ የክላሽ ጥይት እንኳ ያቆማል። ባዶ ስታደርጉ እዚያ ላይ። ስትወለውሉ እዚያ ላይ። ቤተሰቡም ያን ጊዜ ሌላ ክፍል ይሁን።

የመጨረሻውን ነጥቤን ላንሳ። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፣ ቴክኒክ አይደለምና። አፈሙዝ ወደ እናንተ ሲያይ ምን ትላላችሁ? ብዙ ሰው ዝም ይላል። አለቃው ነው፤ አባቱ ነው፤ ሽማግሌ ናቸው፤ እንግዳ ነው። ይሉኝታ ይይዘዋል። ፈሪ እባላለሁ ይላል። ጎንበስ ብሎ በጨዋታ ቦታ ይቀይራል። ያየሁት ነው፤ በክብ ተቀምጠው ሲያወሩ አንዱ ጭኑ ላይ ያጋደመው ጠመንጃ ከማዶ ያለውን ሰው ሆድ እያየ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ማንም አልተናገረም። ሁሉም አይቶታል። ሁሉም።

ስለዚህ ዛሬ እዚህ እንስማማ። አንድ ቃል ይበቃል። «አፈሙዝ!» በቃ። ስድብ የለበትም፣ ቁጣ የለበትም። ልጅ ለአባቱ ይላል። ወታደር ለመኮንኑ ይላል። ሚስት ለባሏ ትላለች። የተባለውም አይከራከርም። «ባዶ እኮ ነው» አይልም። «አንተ ደግሞ ፈሪ ነህ» አይልም። መጀመሪያ አፈሙዙን ያዞራል፣ ቀጥሎ «አመሰግናለሁ» ይላል። አሠልጣኞች፣ ራሳችሁ ስትባሉ በደስታ ተቀበሉ፤ ሠልጣኞቻችሁ የሚያዩት የእናንተን ፊት ነው። እስኪ አንዴ አብረን እንበለው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፦ አፈሙዝ! ደካማ ነው። እናቶች ብቻ አሁን! ጎሽ፣ እንደዚያ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ አስቀምጡልኝ፤ ከልምምዱ በኋላ ሁሉንም እመልሳለሁ። አሁን በስተቀኝ ባለው በር ወደ ግቢው እንወጣለን። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ሽጉጦችና የእንጨት ጠመንጃዎች አሉ። ጥይት ይዞ የመጣ ሰው ካለ በር ላይ ላሉት ባልደረቦቼ ያስረክብ፤ እውነተኛ ጥይት ወደ ልምምዱ ቦታ አይገባም። አራት አራት እየሆናችሁ ትሰለፋላችሁ። አንዱ ይዞ ይራመዳል፣ በር ይከፍታል፣ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ለሌላው ያቀብላል። ሦስቱ አፈሙዙን ብቻ ይከታተላሉ። ሰው ላይ ባለፈ ቁጥር ምን እንደምትሉ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ከኋላ ያላችሁት ውጡ፣ ቀስ ብላችሁ።